ክፍል 47፦ «ሺዙኮ ታውቃለች»

እሺ። ቀዩ መብራት በርቷል። እየቀዳ ነው መሰለኝ።

ሰላም ናችሁ? ዛሬም ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነኝ። የእማዬ ካፖርት ጆሮዬን እየነካኝ ነው። ስለ ሻለቃ፣ ስለ ጎረቤቴ ዶሮ፣ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፣ ደህና ነው። ለበዓሉም አልታረደም። ጎረቤቴ «በስንት አገር ድምፁ የተሰማ ዶሮ እንዴት ተደርጎ ይታረዳል!» ብላ ሌላ ገዛች። ስለዚህ መሃል ላይ ከጮኸ ታገሱት። ከእኔ የበለጠ አድማጭ አለው።

ቃል የገባሁት ስለ ቤት ኪራዩ ላወራ ነበር። ይቅር። ሁለተኛ ሳምንቴ ነው፣ አንድ ፎቶ ከዓይኔ ላይ አልሄድ ብሏል። ካላወራሁት እንቅልፍ የለኝም።

አስቀድሜ ልንገራችሁ። ወሬው ራስን ስለማጥፋትም ነው። ዛሬ ልባችሁ ካልቻለ ዝለሉት፣ አልቀየምም። ሄዳችሁ የፍየሏን ክፍል እንደገና ስሙ።

ጥፋቱ የእህቴ ልጅ ነው። ያቺ «ያንተ ፖድካስት ጥሩ እንቅልፍ ያመጣል» ያለችው። አሁን ከኮሪያዎቹ ወደ ጃፓኖቹ ተሻግራለች። ኖጊዛካ 46 የሚባል የሴቶች የዘፈን ቡድን አለ። ቤታችን ቀኑን ሙሉ እሱ ነው። ኖጊዛካ ምን ማለት ነው? አልኳት። «የቡድኑ ስም ነዋ!» አለችኝ። እኔ ደግሞ ታውቁኛላችሁ፣ ስም ከሰማሁ አላድርም። ፈለግኩት። ዛካ ዳገት ነው። ኖጊ ደግሞ ሰው ነው። የኖጊ ዳገት። ቶኪዮ ውስጥ ያለ መንገድ ነው፣ የባቡር ጣቢያም አለው። ራስ መኮንን ድልድይ እንደምንለው በሉት። ልጆቹ በስሙ ይዘፍናሉ።

ኖጊ ማሬሱኬ። ጄኔራል። ከዚያ ፎቶውን አገኘሁት።

ልሳልላችሁ። ሰውዬው ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። ሙሉ የክብር ልብስ ለብሷል፣ ደረቱ ላይ ኒሻን ተደርድሯል። ጢሙ ሸብቷል። ሚስቱ ሺዙኮ እዚያው ክፍል ውስጥ ቆማለች። የሐዘን ልብስ ነው የለበሰችው። በቃ ይኸው ነው። ማንም ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፎቶ ነው። አያትና አያት።

ቀኑ ሴፕቴምበር 13፣ 1912 ነው። ጠዋት። ማታ ላይ ሁለቱም በዚያው ቤት ውስጥ ራሳቸውን ገደሉ።

ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ ይቅርታ። ይሄን አንዱን ግን ቆጠርኩት። መስከረም 3 ቀን 1905። እኛ ጋ እንቁጣጣሽ ካለፈ ሁለት ቀኑ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ምኒልክ ታመው ተኝተዋል፣ ልጅ ኢያሱ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። እዚያ ቶኪዮ አንድ ሽማግሌ ጋዜጣ ያነባል። ማታ የሚሞት ሰው ጋዜጣ ምን ያደርግለታል? የነገውን አያይ!

ለእማዬ ቡና ላይ ሳወራላት ከሁሉ አስቀድማ ምን አለችኝ መሰላችሁ? «አንተ፣ የስንት ዓመት ሰው ነው?» 62። «ታዲያ የ62 ዓመት ሽማግሌ አንተ ይባላል? አንቱ በል።» ስለዚህ ከአሁን ጀምሮ አንቱ ናቸው። እስከቻልኩ ድረስ።

እሺ፣ ከመጀመሪያው። 1877። ጃፓን ውስጥ የእርስ በርስ ጦርነት ነው። ሳይጎ ታካሞሪ የሚባሉ ትልቅ ሰው የድሮዎቹን ሳሙራዮች አሰልፈው መንግሥት ላይ ተነስተዋል። ኖጊ ያኔ 27 ዓመታቸው ነው። ሻለቃ ናቸው። አንተን አይደለም፣ አንተ ዝም በል! (ሳቅ) የ14ኛው እግረኛ ሬጅመንት አዛዥ ናቸው። ፌብሩዋሪ 22 ማታ፣ ኩማሞቶ አካባቢ፣ ጨለማ ውስጥ ተደባለቁ። ሰንደቁን የተሸከመው መኮንን ተገደለ። ሰንደቁ ጠላት እጅ ገባ።

ሰንደቁ ከንጉሠ ነገሥቱ የተሰጠ ነው። የጨርቅ ነገር አድርጋችሁ አትዩት። ታቦት በሉት፣ ይቅር ይበለኝና። ኖጊ «ቅጡኝ» ብለው ጻፉ። አልተቀጡም። ጭራሽ በሁለት ወሩ ማዕረግ ተጨመረላቸው። ራሳቸውን ሊያጠፉ ሲሉ ጓደኛቸው ኮዳማ ገንታሮ ደርሶ አስጣላቸው ይባላል። ይሄን ኮዳማን ያዙልኝ፣ በኋላ ይመጣል።

እኔ እዚህ ጋ ነው የተያዝኩት። «ቅጡኝ» ብሎ ሳይቀጡት የቀረ ሰው። ሞክራችሁት ታውቃላችሁ? የእድሩን መዝገብ ሚኒባስ ውስጥ የረሳሁበትን ነገር ታውቃላችሁ፣ ስንት ጊዜ አስቄባችኋለሁ። ሚኒባሱ፣ ረዳቱ፣ ሴትየዋ በመዝገቡ ፀሐይ የተከለለችው። እንደ ቀልድ ነው የማወራው። ሊቀመንበሩ ምን እንዳሉኝ ግን... ቆይ። እመለስበታለሁ።

የኖጊ ወጣትነት ቀልድ አይደለም። ሰንደቁ ከመጥፋቱ ከጥቂት ወራት በፊት ታናሽ ወንድማቸው ሌላ አመፅ ውስጥ ገብቶ፣ ከአመፀኞቹ ጎን ሆኖ ሞቷል። እሳቸው የመንግሥት ወታደር ናቸው። ከዚያ ሰንደቁ። ከዚያ ለዓመታት መጠጥ ነው፣ ጌሻ ቤት ማምሸት ነው። 1887 ላይ ወደ ጀርመን ለትምህርት ተላኩ። ሲመለሱ ሌላ ሰው ሆነው ተመለሱ። መጠጥ ቀረ፣ ማምሸት ቀረ። ቤት ውስጥ እንኳ የወታደር ልብስ አያወልቁም። ሚስትየዋ ያንኛውንም ይህኛውንም ባል ነው የኖሩት። የትኛው ይከብዳል? እኔ ሰካራሙን የምመርጥ ይመስለኛል። ቢያንስ ይስቃል።

ስለ ዓይናቸውስ ነግሬያችኋለሁ? አልነገርኳችሁም። አንድ ዓይናቸው አያይም፣ የግራው። ልጅ ሆነው፣ ጠዋት አልነሳ ሲሉ እናታቸው በአጎበሩ መታ ቢያደርጓቸው የአጎበሩ ብረት ዓይናቸውን አገኘው ይባላል። እናታቸው እንዳያዝኑ ብለው ለማንም ሳይናገሩ ኖሩ። አጎበር! አሁን ይሄን ስሙ። 1896፣ ያው የአድዋ ዓመት መጨረሻ ላይ፣ ኖጊ የታይዋን ገዢ ሆነው ተሾሙ። ሚስታቸውንም እናታቸውንም ይዘው ሄዱ። ወራት ሳይቆዩ እናትየው እዚያው ሞቱ። በምን? በወባ።

ይሄን ሳነብ ስልኩን አስቀምጬ ውጪ ወጣሁ። አንዳንዴ የሰው ሕይወት ደራሲ የጻፈው ይመስላል፣ ያውም መጥፎ ደራሲ።

በገዢነቱ ብዙም አልሆነላቸውም። ለቀቁ። በቦታቸው ማን ተተካ? ኮዳማ። እሳቸው ናሱ የሚባል ገጠር ገብተው ማረስ ጀመሩ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ዛሬ ስለ ቤት ኪራይ ነበር የምናወራው።

1904 ላይ ከሩሲያ ጋር ጦርነት ተነሳና ጠሯቸው። ፖርት አርተር። የማንቹሪያ ጫፍ ላይ ያለ ወደብ ነው፣ የሩሲያ መርከቦች ተሸሽገውበታል። ኖጊ ቦታውን ያውቁታል። ከ10 ዓመት በፊት ከቻይና ጋር ሲዋጉ እዚያው ነበሩ፣ በአንድ ቀን ነው የተያዘው። በአንድ ቀን! እንግዲህ እናንተ ብትሆኑ ምን ታስባላችሁ? ትናንት በአንድ ቀን የከፈታችሁት በር ነው።

በሩ ግን ተቀይሯል። ሩሲያዎቹ ሲሚንቶ አፍስሰዋል፣ ሽቦ ዘርግተዋል፣ መትረየስ ጠምደዋል። ኖጊ ኦገስት ላይ እግረኛውን ፊት ለፊት ላኩት። በስድስት ቀን ውስጥ ከ15 ሺህ ሰው በላይ ሞተ፣ ቆሰለ። ተመልሰው ላኩ። እንደገና ላኩ። ኖቬምበር 26 ማታ ደግሞ 3 ሺህ ያህል ሰው መረጡ። በጨለማ እርስ በርስ እንዲተዋወቁ ነጭ መታጠቂያ ደረታቸው ላይ አሰሯቸው። ነጭ! ሩሲያዎቹ ትልልቅ የመፈለጊያ መብራት አላቸው። አበሩት።

እዚህ ጋ አንቱታዬ አለቀ። እማዬ ትፍረድ። ነጭ ጨርቅ ደረቱ ላይ የታሰረውን ልጅ ሳስበው አንቱ ማለት አቃተኝ። ሚስቱን ግን አንቱ እላቸዋለሁ። ለሳቸው ይገባል።

ቶኪዮ ሰዉ ተቆጣ። ቤቱ ላይ ድንጋይ ይወረወር ነበር ይባላል። ማን ነው ውስጥ ያለው? ወይዘሮ ሺዙኮ ናቸው። ድንጋዩ የሚያርፈው እሳቸው ላይ ነው። ሰውዬው ፖርት አርተር ነው ያለው።

ልጆች ነበሯቸው፣ ሁለት ወንዶች። ሁለቱም መኮንኖች። ሲዘምት ለሚስቱ «አንድ የሬሳ ሳጥን ሲመጣ አትቅበሩ፣ ሦስት እስኪሞላ ጠብቁ» ብሏቸዋል ይባላል። የሱንና የሁለቱን ልጆች። ትልቁ ካትሱሱኬ ሜይ ላይ ናንሻን በሚባል ቦታ ሞተ፣ አባትየው መርከብ እንኳ ሳይሳፈር። ትንሹ ያሱሱኬ ኖቬምበር 30 ቀን ዳገቱ ላይ ሞተ።

ዳገቱ። 203 ነው ስሙ። ከፍታው 203 ሜትር ስለሆነ ብቻ። ሲያዩት ምንም አይደለም፣ እንጦጦን ለሚያውቅ ሰው ጉብታ ነው። ግን ጫፉ ላይ ከቆማችሁ ወደቡ ከነመርከቦቹ ይታያል። ኮዳማ መጣ። አልኳችሁ፣ ኮዳማ ሁልጊዜ ይመጣል። ዲሴምበር 5 ቀን ዳገቱ ተያዘ። ከዚያ ከጃፓን ባሕር ዳርቻ የመጡትን ትልልቆቹን መድፎች፣ አንዱ ጥይት ከ2 ኩንታል በላይ የሚመዝነውን፣ ከላይ እያዩ እያስተካከሉ መርከቦቹን አንድ በአንድ አሰጠሙ። ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ወደቡ እጅ ሰጠ። ለዚያ ወደብ ከጃፓን በኩል 60 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞቷል ወይ ቆስሏል።

እና ሰውዬው ምን አደረገ? ግጥም ጻፈ።

መጀመሪያ ተናደድኩ። በኋላ ግጥሙን ሳየው... እናንተም ፍረዱ። 203ን በነሱ አነጋገር ኒ፣ ሬ፣ ሳን ማለት ይቻላል። ሁለት፣ ዜሮ፣ ሦስት። እሱ ያንኑ ድምፅ በሌላ ፊደል ጻፈው። ድምፁ ያው ነው፣ ትርጉሙ «የነፍሳችሁ ተራራ» ሆነ። ሰምና ወርቅ! ሰሙ የካርታ ቁጥር፣ ወርቁ ሬሳ። የገዛ ልጁ ያለበት ሬሳ። ቁጥሩን የነፍስ ስም አደረገው። ቅኔ ቤት ቢገባ ኖሮ ሰው ባልገደለ ነበር። ወይ ደግሞ... አይ፣ የኛም ቅኔ አዋቂ ጄኔራሎች ገድለዋል። ተዉት።

አሁን አንድ ነገር ልጨምር፣ ከጉዳዩ ልወጣ ነው። በዚያ ሰዓት ሩሲያ ውስጥ አንድ የኛ ሰው ነበሩ። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም። ከአድዋ በኋላ ገና ልጅ ሆነው ሄደው እዚያው ያደጉት። ምን እየተማሩ መሰላችሁ? መድፍ! ሩሲያ በጃፓን ስትመታ እሳቸው ሩሲያ ናቸው። በኋላ 1931 ላይ የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥታችንን ሲያረቅቁ ከየት አዩ? ከጃፓኑ፣ ከንጉሠ ነገሥት ሜይጂ ዘመኑ። የተሸናፊው አገር ትምህርት ቤት ተምረው የአሸናፊውን ወረቀት አመጡ። ያኔ ጃፓን ለኛ ሰዎች ሕልም ነበረች። «ነጭን ያሸነፈ እንደኛው ያለ።» ሁሉም ስለ ድሉ ነው የሚያወራው። ስለ ነጩ መታጠቂያ የሚያወራ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

እሺ ተመለስኩ።

እጅ ሲሰጡ የሩሲያው አዛዥ ስቴሴል ከኖጊ ጋር ተገናኘ። ኖጊ ጎራዴህን ታጥቀህ ና አለው። የውጭ ጋዜጠኞች የተሸነፉትን ፎቶ እናንሳ ሲሉ እንቢ አለ፣ ሰው በውርደቱ አይነሳም ብሎ። በኋላ ሁሉም ተቀላቅለው፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እንደ ወዳጅ ተነሱ። ስቴሴል ስለ ልጆቹ ሐዘኑን ገለጸለት። ነጭ ፈረስም ሰጠው። የኖጊ ቤት ከእንጨት ነው የተሠራው፣ የፈረሶቹ ጋጥ ግን የጡብ ነው፣ ዛሬም ቆሟል። ለፈረስ ጡብ!

እና ይሄ ፎቶ ማለት ለሰው ምን እንደሆነ የገባው ሰው ነው። የጠላቱን ውርደት ከካሜራ የከለከለ ሰው። ታዲያ በመጨረሻዋ ጠዋት ካሜራ ፊት ጋዜጣ ይዞ ሲቀመጥ ምን እያደረገ ነበር? ሳያስብ የተቀመጠ አይመስለኝም። «እዩ፣ ምንም አልሆንኩም፣ ጋዜጣ እያነበብኩ ነው» ነው? ወይስ ቢጨንቀው እጁን የሚያስቀምጥበት አጥቶ ነው? እኔ ሰው ሲያነሳኝ ስልኬን የማየው ለዚያ ነው። ሁለቱም ይሆናል።

እንዳልዘል። ከድሉ በኋላ ሙክደን ላይም ተዋግቷል። 1906 መጀመሪያ ላይ አገሩ ገባ፣ ንጉሠ ነገሥት ሜይጂ ፊት ቆሞ ሪፖርቱን ሲያነብ አለቀሰ። ልሙት ብሎ ጠየቀ ይባላል። ንጉሡም እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም አሉት። ይኸው እንደገና! «ቅጡኝ» አለ፣ አልተቀጣም። በምትኩ ምን ሰጡት? ትምህርት ቤት። ሁለቱን ልጆቹን ላጣ ሰው የመሳፍንቱን ልጆች ትምህርት ቤት። ዳይሬክተር ሆነ። ከልጆቹ ጋር አዳሪ ቤት ውስጥ ይተኛል። የተቀደደ ልብስ ያሳፍራል፣ የተጣፈ ግን አያሳፍርም እያለ ያስተምራል። ይሄን እማዬ ወደደችለት።

ከተማሪዎቹ አንዱ የንጉሡ የልጅ ልጅ ሂሮሂቶ ነው። አዎ፣ ያው ሂሮሂቶ። 1956 ላይ ጃንሆይ ቶኪዮ ሲሄዱ የተቀበሏቸው። ያ ሰው በልጅነቱ የኖጊ ተማሪ ነበር። ኖጊ ከመሞቱ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ልጁ ጋ ሄደ። መጽሐፍ ሰጠው፣ ብዙ መከረው። ልጁ 11 ዓመቱ ነው። ምን አለ ይባላል? «ጌታዬ፣ ወዴት ሊሄዱ ነው?»

ልጅ ያውቃል። ትልቅ ሰው ነው የማያውቀው።

ሜይጂ ጁላይ 30 ቀን ሞቱ። ቀብሩ ሴፕቴምበር 13 ሆነ። ማታ ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ አስከሬኑ ከቤተ መንግሥት ሲወጣ መድፍ ተተኮሰ። ያኔ ነው። ኑዛዜው ላይ ምክንያቱን ጽፏል። ፖርት አርተርን አይደለም ያነሳው። 60 ሺውን አይደለም። ከ35 ዓመት በፊት የጠፋውን ሰንደቅ ነው! ከዚያ ቀን ጀምሮ መሞቻ ሳፈላልግ ኖሬያለሁ ነው የሚለው።

35 ዓመት። ሁሉም ረስቶታል። የሰጡት ንጉሥ ራሳቸው ሞተዋል።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ሁለት ሳምንት ያላስተኛኝ ይሄ ነው። ኑዛዜውን የጻፈው በዋዜማው ሌሊት ነው። በተራ ቁጥር ነው የተጻፈው፣ እንደ እድር ቃለ ጉባኤ። ይሄ ለእገሌ፣ ያ ለእንትና። አስከሬኔ ለሕክምና ትምህርት ይሰጥ ይላል። መቃብሬ ውስጥ ፀጉሬ፣ ጥፍሬና ጥርሴ ቢገባ ይበቃል ይላል፣ ሰው ሠራሹም ጥርስ ጭምር። ሰው ሠራሹም! እዚህ ጋ ሳቄ መጣ፣ እውነቴን ነው። ቀጥሎ ትንሽ ቃል አለች። «ሺዙኮ ታውቃለች።»

ገባችሁ? ኑዛዜው ከተጻፈላቸው ሰዎች አንዷ ሚስቱ ናቸው። እሱ ሲሞት እሳቸው ይኖራሉ ብሎ ነው የጻፈው። ጥርሱን የት እንደምታስቀምጥ የምታውቅ ሴት ትቀራለች ብሎ። 52 ዓመታቸው ነው።

በማግስቱ ጠዋት ፎቶ ተነሱ። ማታ እሳቸውም ሞቱ።

ስለዚህ ፎቶውን እንደገና አየሁት። እንደገና። ጋዜጣውን የያዘው ሰውዬ ወስኗል፣ ጨርሷል፣ ጽፎ አጣጥፎ አስቀምጧል። ለዚያ ነው ማንበብ የቻለው። የቆሙት እሳቸው ግን? ያን ሰዓት ወስነዋል? ወይስ እዚያ ቆመው እያሉ ነው የወሰኑት? ማታ ራት ላይ ነው? እሱ ጋዜጣ ሲያነብ እሳቸው ቆመው... አያችሁ፣ እኔ እስከ ዛሬ የማየው የሱን ፊት ነበር። ጋዜጣው ዓይኔን ይወስደው ነበር። ሁሉም ስለሱ ነው የሚያወራው። ዳገቱም የሱ ነው፣ ጣቢያውም የሱ። ልጆቹን የወለዱት እሳቸው ናቸው፣ ድንጋዩ ያረፈው እሳቸው ላይ ነው፣ ሦስት ሳጥን ጠብቂ የተባሉት እሳቸው ናቸው።

ለእማዬ ይሄን ስነግራት ስኒውን አስቀመጠች። «ሴትዮዋስ ምን አጠፋች?» አለች። በቃ። ትንሽ ቆየችና ደግሞ «እሱማ የሱን ዕዳ ከፈለ» አለች። እሱማ! አንቱ በል ያለችኝ እማዬ!

አንዳንዶቻችሁ ትጽፉልኛላችሁ፣ አውቃለሁ። «በዘመኑ ነው የሚፈረደው» ትላላችሁ። «ክብር ነው፣ ባህል ነው።» ይሆናል። ግን በዚያው ዘመን እዚያው ጃፓን ውስጥ ራሱ ግማሹ ሲያለቅስ ግማሹ ይሄ ደግሞ ምንድነው ብሏል። እኔም ሁለቱንም ነኝ። ጠዋት አከብረዋለሁ፣ ማታ እጠላዋለሁ።

እሺ። መዝገቡ።

የምታውቁትን አልደግመውም። 19 ዓመቴ፣ ጽሕፈቱ ያምራል ተብዬ የእድሩ መዝገብ ጸሐፊ ሆንኩ፣ ሚኒባስ ውስጥ ረሳሁት። ሊቀመንበሩ ጋ ሄጄ እያለቀስኩ ቅጡኝ አልኳቸው። «ተወው ልጄ፣ ወረቀት ነው፣ ሰው አልሞተብን» አሉኝ። የእድር ሊቀመንበር ናቸው እንግዲህ! (ሳቅ) እስከዚህ ታውቃላችሁ። እስከዚህ ሁልጊዜ እንስቃለን።

ከዚያ በኋላ መዝገቡ በአፍ ተጻፈ። እያንዳንዱ አባል እየመጣ እስከዚህ ወር ከፍያለሁ ይላል፣ ይጻፋል። አንዲት ሴት ነበሩ። ተከራይ ናቸው፣ ጉልት ላይ ሽንኩርት ይሸጣሉ። የከፈሉትን ተናገሩ። አንዱ ተነስቶ «የለም፣ ውዝፍ አለባቸው» አለ። እሳቸው «ልጁ ጽፎልኛል» አሉ። ልጁ እኔ ነኝ። ጽፌላቸዋለሁ። ስምንት ወር በአንዴ አምጥተው ከፍለው ነበር፣ ብሩ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል፣ ትዝ ይለኛል። ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ሰዉ ሁሉ እኔን እያየ ነው። መናገር ነበረብኝ። አፌን ብከፍት ግን መዝገቡ እንደገና ሊነሳ ነው። «እሱ ባይጥለው ኖሮ» ሊባል ነው። ተወው ያሉኝ ሰዎች ተወው ማለታቸው ሊቀር ነው።

«አላስታውስም» አልኩ።

በዚያው ዓመት ባላቸው ሞቱ። ድንኳን ተተከለ፣ ወንበር መጣ፣ ሰዉም ቀበረ። ገንዘቡ ግን ውዝፉ ተቀንሶ ነው የተሰጣቸው።

ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ስንት ጊዜ ስለ ሚኒባሱ አሳቅኳችሁ። ረዳቱን እያስመሰልኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ጉልቱ ጋ አለፍኩ። አሁንም አሉ። ወገባቸው ጎብጧል። «እናትህ ደህና ናት?» አሉኝ። አንድ ኪሎ ሽንኩርት ገዛሁ። ሁለት ራስ መረቁልኝ። ይዤ ሄድኩ። ይዤው እያለ መመለስ ፈልጌ ነበር፣ መንገድ ተሻግሬ ቆምኩ፣ ከዚያ ታክሲ መጣ።

ብሩን ልስጣቸው? በያኔው ብር ነው በዛሬው? ምን ብዬ ነው የምሰጠው? ደግሞ ስሰጣቸው የምገላገለው እኔ ነኝ። እሳቸው በማያውቁት ነገር አዲስ ሐዘን ሊገባባቸው ነው። ወይም ያውቃሉ። ያን ቀን ፊቴን አይተውኛል እኮ።

ይሄ ቁም ሳጥን ደግሞ ግድግዳው ስስ ነው። እማዬ ማዶ ናት። ሳሎን ቴሌቪዥኑ ሲጮህ ነበር፣ አሁን አይሰማኝም። ዘግታዋለች መሰለኝ። መቼ እንደዘጋችው...

ሻለቃም ዛሬ አንዴ እንኳ...